የመጨረሻው ቀን ብቻ ይቆጠር ያልኩት እኔ ነኝ

ጓዶች፣ ይሄን የምጽፍላችሁ እየተንጎራደድኩ ነው። ጫት አብዝቼ አይደለም። ከአማቴ ቤት መመለሴ ነው!

ማለቴ... አማቴ ሊሆኑ ከነበሩት ሰው ቤት። ወይም ከሚሆኑት። እኔ እንጃ! እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ለማታውቁኝ፣ ነገሌ፣ ወደ ወደራ መውጫው ላይ ያለሁት ጎሚስታ ነኝ። ኮምፕሬሰሬ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፣ እኔ ደግሞ ከኮምፕሬሰሩ በላይ እጮኻለሁ።

ሱሴ አንድ ነው። የአሜሪካኖቹ ስቶክ ካር ውድድር! እነዚያ የቤት መኪና የሚመስሉ፣ ክብ መንገድ ላይ ሲዞሩ የሚውሉት የሉም? እነሱ!

ቴሌግራም ላይ ግሩፕ አለን። የነገሌ፣ የወደራ፣ የዶሎ ኦዶ ሹፌርና መካኒክ የተሰበሰበበት። መጻፍ ስለሚያደክመን የምንጨቃጨቀው በድምፅ ነው፤ በአማርኛ ጀምረን በኦሮምኛ እንጨርሳለን።

ሰሞኑን ጭቅጭቁ አንድ ብቻ ነበር። የሻምፒዮናው ፎርማት ይቀየር ወይስ አይቀየር?

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ የዓመቱ ነጥብ ተደምሮ ነበር ሻምፒዮኑ የሚታወቀው። በኋላ ሌላ ሕግ አመጡ። እያጣሩ እያጣሩ አራት ሹፌር ያስቀራሉ፣ በመጨረሻው ቀን ከአራቱ የቀደመው ዋንጫውን ይዞ ይሄዳል። ያለፈው ነጥብህ ውሃ በላው! አሁን ደጋፊው ግማሹ የድሮው ይመለስልን እያለ ነው።

እኔማ የመጨረሻው ቀን ሰው ነኝ! ግሩፑ ውስጥ ስሜ ቱርቦ ነው። ‹‹አሮጌ ሞተር›› የሚባል አንድ ሰውዬ ደግሞ አለ፣ የዓመቱ ነጥብ ካልተደመረ ሞቼ እገኛለሁ የሚል። ከሁላችንም እሱ ብቻ ነው በጽሑፍ የሚመልሰው።

ምን እንዳልኩት ልንገራችሁ? አትፍረዱብኝ ግን።

‹‹አሮጌ ሞተር፣ ዘይትህ ደርቋል! ቁራሌው ሲያልፍ ደጅ ወጥተህ ጠብቀው! ዓመቱን ሙሉ ነጥብ መልቀም የባቄላ ነጋዴ ሥራ ነው፤ ወንድ ልጅ በአንድ ቀን ይለያል!››

ላይኩ ዘነበልኝ። ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ወደ ዛሬ እንምጣ። ዛሬ ለፍቅረኛዬ ለቦንቱ ሽማግሌ የምልክበት ቀን ነበር።

አባቷ ኦቦ ቦሩ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ተሳቢ ሲነዱ ኖረው፣ አሁን ሊበን ገጠር ከከብቶቻቸው ጋር ተቀምጠዋል። አንድ ዓመት ሙሉ ደጅ ጠናኋቸው። ጎማቸውን ለጠፍኩ፣ በድርቁ ጊዜ ለከብቶቻቸው ውሃ በበርሜል አደረስኩ። መቼም አማት ፊት ድምፅ አይወጣም፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ በሹክሹክታ ‹‹እሺ አባ፣ አዎ አባ›› ብቻ ነበር የምላቸው። ‹‹ዝምተኛው ልጅ›› ይሉኛል።

እኔን! ዝምተኛ!

ጠዋት ልንነሳ ስንል ቦንቱ ደወለች። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አልገባኝም።

‹‹አባዬን ቴሌግራም ላይ አንድ ባለጌ ሰድቦት ሁለት ቀን እንቅልፍ አጥቶ ነበር። አሁን ድምፁን ከፍቶ አሰማን። ባለጌው አንተ ነህ!››

ክው አልኩ። አሮጌ ሞተር ማለት ኦቦ ቦሩ ናቸው!

‹‹እስካሁን አላወቀህም። አፍህን ዝጋ! ስታስነጥስ እንኳ ቀስ ብለህ!›› ብላ ዘጋችው።

መቼም ሽማግሌ ሲላክ ልጁ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ነው የሚበላው። ግን ፒካፑን የሚነዳ ሌላ ሰው ጠፋ። ሦስት ሽማግሌ ጭኜ እኔው ሄድኩ። መሪያቸው ጋሽ ሙዘይን፣ የሰፈራችን እህል ነጋዴ ናቸው።

መንገዱን ሙሉ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ጨረስኩ። ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር ምናለ ጎማው ፈንድቶ እዚሁ በቀረን እላለሁ። ጎሚስታ የራሱ ጎማ እንዲፈነዳ ሲለምን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ምን ዋጋ አለው፣ በሰላም ደረስን።

‹‹አካም! ናጋ?›› ተባባሉ። ወተት ቀረበ። እኔ በሩ ሥር ተሸጉጫለሁ፤ ፊቴን በወተቱ ኩባያ ጋርጃለሁ።

ጋሽ ሙዘይን ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ‹‹ልጃችን ትሑት ነው። ከአፉ ክፉ አይወጣም።››

አላህ ይይላችሁ! እዚያው መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

ኦቦ ቦሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ‹‹አውቀዋለሁ። የዛሬ ልጅ ሁሉ እንደሱ ቢሆን ምን ነበረበት! ስልክ ላይ አንድ ቱርቦ የሚሉት ስድ አለ። የመኪና ውድድር አውቃለሁ ይላል። የሚደግፈውን ሕግ እንኳ በቅጡ አያውቅም እኮ! በመጨረሻው ቀን የሚቀሩት ስምንት ሹፌሮች ናቸው።››

ስምንት?!

ምላሴን ነከስኩ። ወላሂ ነከስኩ። ቦንቱን አሰብኩ፣ ሠርጉን አሰብኩ፣ እናቴን አሰብኩ። ግን ስምንት እንዴት ይባላል?

‹‹አራት ነው እንጂ! ስንቴ ልንገርህ!››

በሙሉ ድምፄ። በኮምፕሬሰር ድምፄ! አንቱታውንም በልቼው።

ጓዳ ውስጥ አንድ ዕቃ ወድቆ ሲሰበር ሰማሁ።

ኦቦ ቦሩ አልጮኹም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብለው መነጽራቸውን አደረጉ፣ ስልካቸውን አወጡ፣ አንዴ ነካ አደረጉት። የራሴ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

ዘይትህ ደርቋል... ቁራሌው... ‹‹የባቄላ ነጋዴ›› የሚለው ላይ ሲደርስ ጋሽ ሙዘይን ዞር ብለው አዩኝ። ባቄላም ይሸጣሉ። በቃ፣ ሽማግሌዬም ከእጄ ወጡ!

ልሮጥ ብድግ አልኩ።

‹‹ታኢ!›› አሉ ኦቦ ቦሩ። ቁጭ በል ነው። ተመልሼ በሩ ሥር ተቀመጥኩ።

‹‹ሠላሳ ዓመት የነዳሁትን ሰውዬ ቁራሌው ይውሰድህ አልከኝ›› አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፤ ከፍቷቸዋል። ያኔ ነው ፍርሃቱ ላይ እፍረት የተጨመረበት። ሰውዬውን በስልክ ስሰድባቸው ፊት ያላቸው አልመሰለኝም ነበር።

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። ‹‹ይህ ልጅ ዓመቱን ሙሉ አገልግሎኛል። በኔ አቆጣጠር ነጥቡ ሞልቶ ነበር። እሱ ግን ያለፈው አይቆጠርም፣ በአንድ ቀን ይለይ ይላል። ዛሬ ደግሞ ያያችሁት ነው።››

ዓይናቸውን እኔ ላይ ተከሉ። ‹‹በየትኛው ልዳኝህ? ምረጥ።››

‹‹በ... በዓመቱ፣ አባ።››

‹‹አልሰማሁም።››

‹‹የዓመቱ ነጥብ ይደመርልኝ፣ አባ!››

ለካ ስልኩን ወደ እኔ አዙረው ይቀዱኝ ነበር። ወዲያው ግሩፑ ላይ ላኩት። አዎ፣ ዛሬ ስትስቁበት የዋላችሁት ድምፅ እሱ ነው!

‹‹ጥሩ›› አሉ። ‹‹ሕጉ ተቀይሯል። አዲስ ሕግ ሲገባ ደግሞ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። የዛሬ ዓመት ተመለሱ።››

አንድ ዓመት! ሽማግሌዎቹ ‹‹እንግዲህ ፍርድ ነው›› ብለው ወተታቸውን ጨረሱ። አንዳቸውም አልተከራከሩልኝም። ጋሽ ሙዘይንማ ‹‹አሜን›› አሉ!

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ዓመቱን እቆጥራለሁ፤ በዓመት ውስጥ ስንት ሽማግሌ፣ ስንት ሀብታም ፈላጊ እዚያ ቤት ይገባል?

ነገሌ ስንገባ መንገድ ላይ ጠፍቶ የነበረው ኔትወርክ መጣና የቦንቱ መልዕክት ገባ። ታጽናናኛለች ብዬ በጉጉት ከፈትኩት።

‹‹አንተና አባዬ ፎርማት ስትመርጡ እኔን ማን ጠየቀኝ? እኔም የራሴን ነጥብ እይዛለሁ እኮ።››

በቃ። ይኸው ነው። ብደውል አታነሳም።

ጓዶች፣ የአባትየውስ ሕግ ገብቶኛል። የሷ ግን በምን እንደሚቆጠር የሚያውቅ አለ?