ቬንደሊን በማኅተሙ ላይ የተቀመጠበት ገድል

አገሩንም የሚገዙት ልዑል ጳጳስ ሉድገር አንሰልም የላውበንሽታይንን መንበር በያዙ በዐሥራ ዘጠነኛው፣ ሪህ እሳቸውን በያዘ በሰባተኛው ዓመት፣ በወርኃ ኅዳር፣ የጠገራ ብር ቅርጽ አውጪው፣ ብረትን እንደ ቅቤ የሚፈለፍለው ቬንደሊን ኦበርሆልዘር ያደረገውን እነሆ እንጽፋለን፤ የተጠራጠረ የቬንደሊንን ሚስት ይጠይቅ።

ልዑሉ ታመው ሐኪም ተስፋ በቆረጠ ጊዜ፣ የካቴድራሉ ካህናት በሐዘን አንገታቸውን ደፍተው፣ እንደ ደፉም ወደ ብር ማተሚያው ቤት ገስግሰው፣ መንበር ባዶ ሲሆን በስማቸው የሚያሳትሙትን ብር በቶሎ እንዲቀርጽ አዘዙት። እርሱም ባዶ ዙፋን ከነድባቡ፣ በዙሪያው የዐሥራ ሁለቱን ካህናት አርማ፣ ከግርጌውም ገና ያልሞቱት ጳጳስ ያረፉበትን ዓመት በማኅተሙ ብረት ላይ አሳምሮ አወጣ። ጳጳሱ ግን የጉበት ሾርባ ጠጥተው ዳኑ።

ድነውም በፊታቸው መለከት ነፊ፣ በቀኛቸው ሐኪም፣ በግራቸው በትረ ያዥ፣ በኋላቸው አመድ የመሰሉ ዐሥራ ሁለት ካህናት አስከትለው ማተሚያውን ሊጎበኙ ከተፍ አሉ። ማኅተሙ ከታየ ወደ ግንቡ እስር ቤት እንደሚወርድ የገባው ቬንደሊን ብረቱን በርጩማው ላይ ጣለና ቁጭ አለበት።

በልዑል ፊት ግን መስፍን እንኳ ይቆማል እንጂ አይቀመጥም። በትረ ያዡም ዐወጀ፦ «ስማ፣ ያልሰማህ ስማ! በልዑል ፊት የተቀመጠ ይነሣ! አንተ ሰውዬ፣ ለአንተ እኮ ነው የምለፈልፈው!»

ጽኑዕ ዐምድ፣ የበርጩማው አንበሳ ቬንደሊን፣ የዙፋኑ ድባብ ከታች እየወጋው፣ ላቡ እየተንቆረቆረ፣ ሪህ እግሩን እንዳሰረው አስታወቀ።

ልዑሉ እንባ አቀረሩ፤ በሰባት ዓመት ሥቃያቸው ከሹማምንቱ አንድ እንኳ የገባው አልነበረምና። እንዲህም ዐወጁ፦ «ይሄ ወንድሜ ነው! ከእንግዲህ በፊቴ ይቀመጥ። ሐኪሜ ሐኪሙ ይሁን፤ እኔ የተከለከልኩትን እሱም ይከልከል። ቢራ የሸጠለት ወዮለት!»

ሚስቱ ኦቲልያም በመስኮት አስነገረች፦ «ጎረቤት ስሙ! ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ቋሊማ የምበላው እኔ ብቻ ነኝ። በሽታውን ያመጣው ራሱ ነው!»

ጳጳሱ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖሩ፤ ቬንደሊንም ዐሥራ አንድ ዓመት የገብስ ውኃ ጠጣ። ልዑሉ ሐሙስ ሐሙስ አስጠርተውት ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ እግር አውራ ጣታቸው ሲያማርሩ፣ ለቬንደሊን የሌለበት ሕመም እንደ እውነተኛ ሆነበት። ጳጳሱ ባረፉም ቀን፣ ዐሥራ ሁለቱ ካህናት በቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ ሦስት ሰዓት ሲቆሙ፣ እርሱ በአዋጁ መሠረት ከአስከሬኑ አጠገብ ተቀምጦ፣ ከሁሉም አምርሮ አለቀሰ፤ ከዚያም በቀጥታ ቢራ ቤት ገባ። ክብር ለቬንደሊን ይሁን፤ ሌሎች በሰይፍ ያጡትን ማዕርግ በመቀመጫው ያገኘ፣ በሕያው ልዑል ፊትም በሙት ልዑል ፊትም ያልተነሣ።