የንብረት ጥቁር ሳጥን

«አለቀ» ማለት ሞት የሚመስለው ሰው የሌለበት አገር የለም። ጣራው እስኪያፈስ ድረስ የግድግዳውን ምርጊት ሲያስተካክል ይኖራል። ለቡሬ ገጠር የደረሰው ንብረት የሚባል ሰው ነበር። ጎረቤቶቹ «ፊታውራሪ ገና ነው» ብለው ሾመውታል፤ ሹመቱን ያጸደቀችለት ሚስቱ ደስታነሽ ናት።

ጣሊያን ለመንገድ ሥራ ነድቶ በወሰደው ጊዜ፣ ቡሬ ላይ የመኪና ቀለም በፓምፕ ሲነፋ አይቶ መጣ። ከዚያ ወዲያ በጨርቅ መቀባት ነውር ሆነበት። ፓምፕ ከየት ይምጣ? አንዱን መቃ ቀለሙ ውስጥ ያቆምና በሌላ መቃ አናቱ ላይ ይነፋበታል፤ ቀለሙ እንደ ጉም ይበተናል። ከሚቀባው እንጨት ክንድ ያህል ይርቃል፤ እጁ አይቆምም፤ ከቆመ ቀለሙ ተዝረክርኮ ይወርዳል። ሲደርቅ በሻካራ ቅጠል ያሽና ደግሞ ይነፋል። ዝንብ ካረፈችበትማ ሰባት ቤቷን ረግሞ ከሀ ይጀምራል።

አሁን የሚነፋበት ጥቁር ሳጥን የልጃቸው የዘሩ ነው። ዘሩ አርበኞችን ተከትሎ ዱር ገብቶ፣ ማንኩሳ አጠገብ ወደቀ የሚል ወሬ መጣ፤ ሬሳው ግን አልተገኘም። ስለዚህ ልብሱ በሳጥን ሆኖ ሊለቀስበትና ሊቀበር ተመከረ። ንብረት ሳጥኑን እኔ ልሥራ ካለ ይኸው ስድስት ወሩ። ደስታነሽ ልጇን አልቅሳ ለመቅበር አንጀቷ እያረረ፣ እሱ አንድ ዙር ቀረኝ ይላል። መምሬ ወልደ ዮሐንስ ሁለት ጊዜ ተቀጥረው ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል።

በሦስተኛው ቀጠሮ ደስታነሽ የልጇን ልብስ ታቅፋ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ዛሬስ ባሏን አትሰማውም። ክዳኑ መስታወት ሆኗል። ጎንበስ ስትል የራሷን ፊት አየች፤ ከጎኗ የቆመውን የንብረትንም አየች። በመካከላቸው ሌላ ፊት ነበር። ዞር ብላ ብታይ ከብሳናው ግንድ በቀር ማንም የለም። ክዳኑ ላይ ግን ፊቱ አልሄደም፤ ግንባሩና አገጩ የዘሩ ነው።

«ክዳኑን በልብሱ እንዳትነኪው» አላት ንብረት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መጀመሪያ የመጣው ጆሮው ብቻ ነበር። በነፋሁት ቁጥር እየጠራ ሄደ። አበደ ትይኛለሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

  ከደጅ መምሬ ሲጣሩ ወጥታ ጉልበታቸውን ስማ «አባቴ፣ ዛሬም አልደረሰልንም» አለቻቸው። ስድስት ወር ሙሉ በባሏ ላይ ያፌዘችው ሁሉ ቆጫት። ተመልሳ ከጎኑ ተቀመጠችና ወደ ክዳኑ አዘነበለች።

«ዘሩዬ» አለችው፣ «ምነው እንዲህ ከሳህብኝ?»