ከበሩ ወዲያ የቀላ ዓይን

ከቆቦ ወጣ ብሎ ያለው፣ ስሙን ለክብሩ ስንል የማንጠራው የዓይን ክሊኒክ፣ ከዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰተውን ኢንፌክሽን ወደ ዜሮ ማውረዱን የምንገልጸው በታላቅ ደስታ ነው። አምና ምጣኔው አሻቅቦ ነበር። አርቀው ማሰብ የተሳናቸው አንዳንድ ባለሙያዎች «መሣሪያው በደንብ ይቀቀል» ብለው ነበር። ሥራ አስኪያጁ አቶ ዘካሪያስ ግን ችግሩን ከሥሩ ነቀሉት፤ ታካሚ በታከመበት ቀን ይሰናበታል፤ ከበሩ ወዲያ የቀላ ዓይን ደግሞ የሚቆጠረው በቀላበት ከተማ ነው። ምጣኔው ቁልቁል ወረደ። መሣሪያው እንደ ድሮው ነው።

ነሲባ ታክማ በሄደች በጥቂት ቀን ዓይኗ አብጦ መግል ያዘ። ወንድሟ ሙህዲን ከጎብዬ በባጃጅ ይዟት መጣ። ጥበቃው በሩን ገርበብ አደረገ።

«የት እያለሽ ነው የቀላብሽ?»

«ቤቴ።»

«ቤትሽስ?»

«ጎብዬ።»

«እንግዲያ የጎብዬ ነዋ! እዚያው ታከሚ።»

«መድኃኒቱ ያለው እናንተ ጋ ነው አሉን» አለ ሙህዲን።

«መኖሩንስ አለ። ግን ኢንፌክሽን የለንም፤ ለማን ብለን እንክፈተው?»

«ወላሂ፣ ዛሬ ካልተወጋች ትታወራለች! ዓይን መታወቂያ አለው እንዴ?»

«ቀስ በል ወንድሜ፣ እንግዶች አሉ።»

ግቢው ውስጥ የተቀመጡት እንግዶች ለዜሮው ምጣኔ ሽልማት ይዘው የመጡ ናቸው። ከመካከላቸው የበላይ ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኢንፌክሽን በሌለበት የኢንፌክሽን መድኃኒት ማከማቸት የሀብት ብክነት ነው። ምጣኔው በአስደንጋጭ ሁኔታ ላሻቀበባት ለጎብዬ ይተላለፍ!»

አቶ ዘካሪያስ ከመቀመጫቸው ተነስተው አጨበጨቡ። የመድኃኒቱ ካርቶን በእንግዶቹ መኪና ተጭኖ በነሲባ ፊት አለፈ።

«ተከተለው!» አለ ሙህዲን ለባጃጇ ሹፌር።

ባጃጇ ሳትነሳ ነርሷ ራሔል ከውስጥ እየሮጠች ወጣች። «ጋሼ ዘካሪያስ! እናትዎ!»

እናታቸው ወይዘሮ ፀዲ ከነሲባ ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ መሣሪያ ነው የታከሙት። የሥራ አስኪያጅ እናት እንደ ተራ ሰው በዕለቱ አይሰናበቱምና አልጋ ተሰጥቷቸው ነበር። ፋሻው ሲነሳ ዓይናቸው በርበሬ መስሏል።

«መርፌውን አምጪ!»

«አሁን ሄደ እኮ ጋሼ። እርስዎም አጨብጭበው ነበር።»

አቶ ዘካሪያስ እናታቸውን ደግፈው ወደ ባጃጇ ሮጡ። ነሲባ ጠጋ አለችላቸው።

«ይግቡ ጋሼ» አለ ሙህዲን። «የእማማም እዚህ እያሉ ቀላ?»

አቶ ዘካሪያስ ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ፤ ሽልማቱ ገና ብብታቸው ሥር ነበር።

«ኧረ አልቀላም» አሉ። «ጎብዬ ስንደርስ ነው የሚቀላው።»