ጋሽ ጎይትኦም ምድጃ ሲመርጡ

ሐበሻ በተሰበሰበበት አገር ሁሉ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ዕቃ ሊገዙ ሲወጡ ይዘውት የሚሄዱት፣ ይዘውት ከሄዱ ደግሞ ባዶ እጃቸውን የሚመለሱት ሰው። አስመራ አለ፣ አዲስ አበባ አለ፣ ዱባይም አለ ይባላል። ለናይሮቢ የደረሷት ክቡር ጋሽ ጎይትኦም ናቸው፤ የኪሊማኒ፣ የሁርሊንግሃምና የአካባቢው የዕቃ ጠቅላይ ዳኛ። ሥልጣኑን የሰጣቸው የለም፤ የሚነጥቃቸውም እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ችሎቱ የሚከፈተው ሁልጊዜ በአንድ ቃል ነው። ሻጩ ዕቃውን አቅርቦ፣ አብርቶ፣ አጥፍቶ፣ ዋስትናውን ተናግሮ ሲጨርስ፣ ጋሽ ጎይትኦም መነጽራቸውን ከግንባራቸው ያወርዱና "እስቲ ጀርባውን አዙርልኝ" ይላሉ። ያ ዕቃ አለቀለት። ጀርባው ላይ የማይገኝ ጉድ የለም፤ ብሎኑ ላልቷል፣ ገመዱ አጥሯል፣ ቀለሙ ከፊቱ ጋር አንድ አይደለም። አድነው የሚባል ልጅ ለሠርጉ ሶፋ ሊገዛ ይዟቸው ሄዶ፣ ሶፋው ተገልብጦ እግሩ ወደ ጣሪያ እንደተሰቀለ ጥሎት ወጣ፤ ሙሽሮቹ እንግዳ የተቀበሉት ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ነው። አስቻለው አሮጌ ቶዮታ አግኝቶ፣ እሳቸው ከሥር ገብተው ሲመረምሩ፣ ባለቤቱ እዚያው ቆሞ በስልክ ለሌላ ሰው ሸጠው። ሐሊናማ ፍሪጅ ልትገዛ ወጥታ ሁዳዴን ሙሉ ያለ ፍሪጅ ከረመች። ግን ማንም አልተቀየማቸውም፤ በሚቀጥለው ጊዜም ይዟቸው ይሄዳል። ሳይዟቸው የተገዛ ዕቃ የተበላሸ እንደሆነ የሰው ወሬ አያስቀምጥም።

እሳቸውን ማስቆም የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሚስታቸው እትዬ ለተንኪኤል። ሴትየዋ ቁጡ አልነበሩም። ሱቁ ጥግ ወንበር ፈልገው ይቀመጣሉ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ባላቸው የዕቃውን ጀርባና ጎን አይተው እስኪጠግቡ ይጠብቃሉ። ሲሰለቻቸው "ጎይትኦም፣ ደከመኝ" ይላሉ። ጋሽ ጎይትኦም ያን ጊዜ ክርክሩን ከመሀል ቆርጠው ይከፍላሉ። ብልጥ የሆነ ሰው ስለዚህ ባልና ሚስቱን አንድ ላይ ነበር የሚለምነው። ሁለቱም የአስመራ ልጆች ሆነው ወጣትነታቸውን ያሳለፉት አዲስ አበባ ነውና፣ በትግርኛ ተጣልተው በአማርኛ ይታረቃሉ እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። ልጅ አልወለዱም።

እትዬ ለተንኪኤል ባለፈው የዝናብ ወቅት አረፉ። ሕመሙ ከታወቀ በኋላ ብዙም አልቆዩ።

እንግዲህ የውባንቺ ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ውባንቺ ሁርሊንግሃም ውስጥ ምግብ ቤት ያላት፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ የምትውል፣ ቁጭ ካለች እንቅልፍ የሚወስዳት ሴት ናት። ለቅሶ ቤት ወጥ እንደማይሠራ፣ ጎረቤት ይዞ እንደሚመጣ ማንም ያውቃል። ውባንቺ የቤተ ክርስቲያኑን ሴቶች አስተባብራ ተራ አወጣች፤ ሰኞ ሐሊና፣ ማክሰኞ እሷ ራሷ፣ ከዚያ ሌሎቹ። ማንም ምሳ ዕቃውን አስረክቦ አይመለስም። ገብቶ ይቀመጣል፣ አብሮ ይቀምሳል፣ ስለ ሟቿ ትንሽ ይወራል፣ ትንሽ ይለቀሳል። ጋሽ ጎይትኦምም ዕቃውን አጥበው፣ ባዶውን መመለስ ነውር ነውና ሙዝ ወይም አቮካዶ አድርገውበት ይሸኛሉ።

አርባው ወጥቶ ሰው ወደየጉዳዩ ሊመለስ ሲል፣ ያልታሰበ ነገር መጣ። የሕንፃው ባለቤት የሁሉንም ተከራይ ወጥ ቤት ላድስ ብሎ ተነሣ። አሮጌው ቁም ሣጥን ተነቀለ፣ ነጭ ተተካ፣ ግራናይት ተነጠፈ። ጋዝ ሲሊንደር ከእንግዲህ ወደ ሕንፃው አይገባም ተባለ፤ የእትዬ ለተንኪኤል የጋዝ ምድጃም ወጣ። በቦታው፣ በሁለት ቁም ሣጥኖች መካከል፣ የኤሌክትሪክ ኩከር የሚገባበት ክፍተት ቀረ። ኩከሩን ተከራዩ ራሱ መርጦ ይገዛል።

ውባንቺ ይህን ስታይ ሴቶቹን እዚያው ሳሎን ሰበሰበችና፣ "ምድጃው እስኪገባ ድረስ እንቀጥላለን፤ ምድጃው ሲገባ እኛም እናርፋለን" አለች። ጋሽ ጎይትኦም አጠገቧ ተቀምጠው ነበር። አንገታቸውን ነቅንቀው አመሰገኑ።

ምድጃ መርጦ ለመግዛት ስንት ጊዜ ይፈጃል? ለሰው ልጅ ግማሽ ቀን ይበቃል። ለጋሽ ጎይትኦም ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከውባንቺ ጋር ወደ ዌስትላንድስ፣ ወደ ዕቃ ሻጩ ራጃ ሱቅ መመላለስ ሆነ። ራጃ እንደ ናይሮቢ ሰው ሁሉ "ምዜ" እያለ ነው የሚያከብራቸው። መጀመሪያ ሰሞን በሩ ድረስ ወጥቶ ተቀበላቸው። ኋላ ኋላ ገና ከመኪና ሲወርዱ ሲያያቸው ሻይ ያዝዝና አፉን ይይዛል።

አንዱ ኩከር ማዞሪያው ከፊት ነው፤ ልጅ ይነካዋል ተባለ። "ልጅ የለዎትም እኮ ጋሽዬ" አለች ውባንቺ። "እንግዳ ልጅ ይዞ ቢመጣስ?" ሌላው ማዞሪያው ከኋላ ነው፤ እጅጌ ያቃጥላል። ሁለት ማብሰያ ዓይን ያለው ለእንግዳ አይበቃም፣ አራት ዓይን ያለው ለብቸኛ ሰው ይበዛል። አንዱ ሰዓት አለው፤ ምድጃ ስንት ሰዓት እንደሆነ ማወቁ ምን ይጠቅመዋል? ራጃ ተስፋ ሳይቆርጥ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ኢንዳክሽን የሚባል ምድጃ አወጣላቸው። ጋሽ ጎይትኦም በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚስታቸውን የሽሮ ሸክላ ድስት በፎጣ ጠቅልለው ይዘው መጥተው መስታወቱ ላይ ጉብ አደረጉት።

"ሸክላ አያሞቅም ምዜ። ብረት ነው የሚፈልገው" አለ ራጃ በስዋሂሊ።

"ድስት የሚያማርጥ ምድጃ ማን ይችላል?" አሉና መልሰው ጠቀለሉት።

ውባንቺ በልቧ ታዝንላቸው ነበር። እሷ የመሰላት ሌላ ነው። እትዬ ለተንኪኤል ጥግ ላይ ተቀምጠው ደከመኝ የሚሉበት ወንበር ባዶ ስለሆነ፣ ሰውየው ማቆሚያ ያጡ መሰላት። ሲመረምሩ አልፎ አልፎ ወደዚያ ጥግ ዘወር ሲሉ አይታለች፤ አንጀቷን ይበላታል። ግን ደክሟት ነበር፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ቅዳሜ የምግብ ቤቷ ገበያ የሚደራበት ቀን ነው። ሐሊና ሥራ ቀይራ ሰዓት አጥሯታል። አንዷ ቀረች፣ ሌላዋ ታመመች፣ የቀሩት ሴቶች ተራ በተራ ስልክ እየደወሉ "ኧረ ይሄ ምድጃ ምን ሆነ?" ይላሉ። ውባንቺም "በዚህ ቅዳሜ ያልቃል" እያለች ትመልሳለች።

በመጨረሻ ራጃ ከመጋዘኑ አንድ ኩከር አስወጣ። ባለ ሦስት ዓይን ነው፤ ለአንድ ሰው አይበዛ፣ ለእንግዳ አያንስ። ላዩ መስታወት ሳይሆን ድፍን ብረት ነው፣ ሸክላ ይሸከማል። ማዞሪያው ከፊት ሆኖ ልጅ እንዳይነካው መቆለፊያ አለው። ሰዓት የለውም። ራጃ ሳይጠየቅ ራሱ የኩከሩን ጀርባ አዞረና ዘወር ብሎ ቆመ።

ጋሽ ጎይትኦም ተንበረከኩ። ብሎኖቹን በጣታቸው ሞከሩ፣ ገመዱን በክንዳቸው ለኩ፣ ጎኑን በጉልበታቸው ገፉ። መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና ከላይ ጀመሩ። ውባንቺ ስልኳን ስታይ ቆይታ ቀና ስትል፣ አንድ ካርቶን ላይ ቁጭ ብለው አገኘቻቸው። ፊታቸው ጠቁሯል።

"ምን ጎደለው?" አለች።

"ምንም አልጎደለውም።"

"ታዲያ እሰየው ነዋ። እንግዛዋ።"

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ውባንቺዬ፣ ይህ ነገር ቤቴ ከገባ ማን ይመጣልኛል?" አሉ።

ውባንቺ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"ምግቡን እንዳይመስልሽ። ምግቡንማ፣ አትቀየሚኝና፣ ግማሹን ለዘበኛው ነው የምሰጠው። ሰኞ ሐሊና ትመጣለች ብዬ ጠዋት ፂሜን እላጫለሁ። ማክሰኞ አንቺ ትመጫለሽ ብዬ ሳሎኑን እጠርጋለሁ። የሚመጣ ሰው ከሌለ ከዚያ አልጋ ምን ያስነሣኛል? ለተንኪኤል የለች።" እጃቸውን ኩከሩ ላይ አሳረፉ። "እንከን እያወጣሁ አቆየሁት። አሁን እንከን አለቀብኝ።"

ራጃ አማርኛ አይችልም፤ ግን ሻይ አፍልቶ አመጣና ከሽማግሌው አጠገብ አስቀምጦ ሄደ።

ውባንቺ "እንመጣለን፣ ምን ነካዎት" ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ተወችው። ራሷንም ሴቶቹንም ታውቃለች። ምክንያት የሌለው ጉብኝት ሳምንት ይዘልቃል፣ ሁለት ሳምንት ይዘልቃል፣ ከዚያ በስልክ ይሆናል፣ ከዚያ በበዓል ይሆናል። ተነሥታ ራጃን "ይጫንልን" አለችው። ጋሽ ጎይትኦም አልተከራከሩም። ከዌስትላንድስ እስከ ኪሊማኒ መንገዱ ተዘግቶ፣ ታክሲው ውስጥ እሳቸው በመስኮት፣ እሷም በወዲያኛው መስኮት እያዩ ሄዱ።

ፉንዲ የሚሉት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ ገመዱን አገናኘ። ኩከሩ ክፍተቱ ውስጥ ልክ ገባ። ጋሽ ጎይትኦም የየሴቷን ምሳ ዕቃ ለይተው፣ አጥበው፣ ደርድረው አዘጋጅተው ነበርና ለውባንቺ አስረከቧት። በር ላይ ቆመው፣ "ለሁሉም ምስጋናዬን ንገሪልኝ። በጣም ደክማችኋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አሉ። ለእንግዳ ሰው እንደሚነገር በወግ ነበር የተናገሩት። ውባንቺ ምሳ ዕቃዎቹን አቅፋ ደረጃው ላይ አለቀሰች።

በማግስቱ ምግብ ቤቷ በምሳ ሰው በሚሞላበት ሰዓት ሽርጧን ፈትታ ወጣች። ሐዘንተኛ ቤት ባዶ እጅ መሄድ እንዴት እንደሚያሸማቅቅ የታወቀ ነው፤ ውባንቺም መንገድ ላይ ሙዝ ስታይ ሁለት ጊዜ ቆማ፣ ሁለቱንም ጊዜ ራሷን ተቆጥታ አለፈች። በሩን አንኳኳች። ጋሽ ጎይትኦም በፒጃማ፣ ፂማቸውን ሳይላጩ ከፈቱ። እጇን አዩት። ምንም አልያዘችም።

"ርቦኛል ጋሽዬ" አለች። "ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ምድጃ ገዝተዋል ሲሉ ሰምቼ ነው የመጣሁት።"

"እኔ እኮ ወጥ ሠርቼ አላውቅም።"

"እኔ ደግሞ ዛሬ አልሠራም። ተቀምጬ እጠብቃለሁ።"

ግራ ገባቸው። ከዚያ መኝታ ቤት ገብተው ሱሪና ሸሚዝ ለብሰው ወጡ። አዲሱ የወጥ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ እትዬ ለተንኪኤል ያዘጋጁት ሽሮ ከነጣሳው ነበር። ክዳኑን ከፍተው አሸተቱትና እንደያዙት ቀሩ።

"የእሷ እጅ ነው። ካለቀ ሌላ የለም" አሉ።

"አዎ፣ ያልቃል ጋሽዬ" አለች ውባንቺ። ሌላ ምን ትበላቸው።

ብዙ ቆይተው ማንኪያውን አስገቡ። ሽንኩርቱ አረረ፣ ዘይቱ ግራናይቱ ላይ ተረጨ፣ ውሃው ሲያንስ ተጨመረ፣ ሲበዛ ሽሮው ተጨመረ። ውባንቺ እጇ እየበላት ጭኗ ሥር ከታ ተቀመጠች። የሰው ወጥ ሲበላሽ ዝም ብላ ስታይ በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነው። ቀርቦ አብረው በሉ። እሷ ሳህኑን ጠርጋ እስክትጨርስ ጋሽ ጎይትኦም ዓይን ዓይኗን ያዩ ነበር።

"እውነቱን ንገሪኝ" አሉ።

"ጨው በዝቷል። ሽሮውም ጓጉሏል። ለሐሊና ሲሠሩ ቀስ እያሉ እያማሰሉ ይጨምሩት።"

"ለየትኛዋ ሐሊና?"

"ሰኞ የእሷ ተራ አይደል? ምሳዋን እዚህ ነው የምትበላው፤ ነግሬያታለሁ። ሌሎቹም በየተራቸው ይመጣሉ። ምሳ ዕቃ ይዞ የሚመጣ የለም።"

ጋሽ ጎይትኦም እንባቸው መጣ፤ ሊደብቁትም አልሞከሩ። በሸሚዛቸው እጅጌ ጠረጉት። "ሐሊና ቃሪያ ትበላለች?" ብለው ጠየቁ። "ይህን ሁሉ የምታውቅልኝ ለተንኪኤል ነበረች።"

"ትበላለች፤ በጣም ነው የምትወደው" አለች ውባንቺ።

ሽማግሌው ተነሥተው ጣሳውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበሉና ለሐሊና የሚበቃ ሽሮ መትረፉን አዩ።