አርባ ሁለቱ መታጠፊያ በደረቅ ወንበር ስለ መሻገሩ

ሕፃኒቱ በተወለዱ በሰባተኛው ዓመት፣ መኪናዪቱ ወደ ግቢ በገባች በሦስተኛው፣ አዲሱን የወንበር ሽፋን በለበሰች በአሥራ አንደኛው ቀን፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት፣ ጥርሰ ወላቃ፣ ሆደ ባሻ፣ የኋላ ወንበር ሽብር የሆኑት፣ በቤተ ዘመድ አጠራር ፌስታሌ የተባሉት ሕፃን፣ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ መንገድ ተጉዘው አያታቸውን ሊጠይቁ ተነሡ። እኛም ይህን ዜና ያየነውን አይተን፣ ያላየነውን ከኋላ ወንበር ከነበሩት ጠይቀን፣ ሳንጨምር ሳናጎድል ጻፍነው።

ወእምቅድመ ዝንቱ፣ ማለትም ከዚህ አስቀድሞ፣ ሕፃኒቱ በየወሩ እየተነሡ ሰባት ጊዜ ዘምተዋል፤ ሰባቱንም ጊዜ አርባ ሁለት መታጠፊያ ያለውን ቁልቁለት ሳይጨርሱ አስመልሰዋል። የመጀመሪያውን በእናታቸው ቀሚስ፣ ሁለተኛውን በአክስታቸው ቦርሳ፣ ሦስተኛውን በተዘጋ መስኮት ላይ፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውንና ስድስተኛውን እንደ ደንቡ በፌስታል፣ ሰባተኛውን ግን ፌስታሉ ሳይደርስላቸው ስለ ቀረ ከኋላ ሆነው በአጎታቸው ኮሌታ ላይ አሳረፉት። ፌስታሌ የሚለው ማዕረግ የወጣላቸው በዚያ ቀን ነው፤ ያወጣውም ባለ ኮሌታው ነው።

ሽንፈቱ ሁሉ ግን ከፍቅር የመጣ እንደ ነበረ መመስከር ይገባናል። ሆዳቸው ባዶ እንዳይሆን ሊነሡ ሲሉ እስኪያቅራቸው ያበሏቸዋል፤ ነፋስ እንዳይመታቸው መስኮቱን ይዘጉባቸዋል፤ ገደሉን አይተው እንዳይደነግጡ ራሳቸውን በሻርፕ ይሸፍኗቸዋል፤ በሆዳቸው ላይ ጋዜጣ፣ በአፍንጫቸው ሥር ሎሚ፣ በሻርፑ ውስጥ ደግሞ ካርቱን የሚያሳይ ስልክ ያኖሩላቸዋል፤ በየሁለት ደቂቃውም ተራ ገብተው «አመመሽ እንዴ? መጣብሽ? እስኪ ግንባርሽን» ይሏቸዋል። ሕፃኒቱም ይሉኝታ የሚያውቁ ነበሩና፣ ይህን ያህል ሰው አሰፍስፎ ሲጠብቅ አይተው አንድም ቀን አላሳፈሩም።

በዚያም ወራት የመኪናዪቱ ባለቤት፣ ያው ባለ ኮሌታው፣ የእናታቸው ታላቅ ወንድም፣ ሃያ ዓመት መሪ የጨበጠ፣ ከበር እስከ በር በሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቆም በመድረሱ የተመሰገነው ሾፌር፣ የወንበር ሽፋን ገዝቶ እንዲህ ሲል አዋጅ አስነገረ፦

«ስሙኝ። ይሄ ሽፋን ነጣ ያለ ነው፤ ምንም ነገር አይደብቅም። ፌስታሌን እንደምወዳት እህቶቼ ታውቃላችሁ። ግን ነገ ዛሬ የለም፤ አንዲት ጠብታ ካየሁ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ጎረቤት ትውላለች። እማማን በስልክ ታናግራት።»

ይህ አዋጅ ከባድ ነበር። አያቲቱ ጉልበታቸው ስለ ደከመ ከግቢያቸው አይወጡም፤ ጆሯቸውም ስለ ከዳቸው በስልክ የሚደረገው ወሬ «ማነው? ማን ልበል?» ከሚለው አልፎ አያውቅም። ሕፃኒቱ አዋጁን ሰምተው አላለቀሱም። ከሐሙስ ጀምሮ ግን ጫማቸውን አጣምረው በር ሥር አስቀምጠዋል።

ጫማውንም እናታቸው አየች። እርሷም በሆስፒታል የካርድ ክፍል የምትሠራ፣ ድምፅዋ ከመስኮቷ የማያልፍ፣ ታላቅ ወንድሟን ቀና ብላ ተናግራው የማታውቅ ሴት ነበረች። በነጋታው አንዲት የሕፃናት ሐኪም ካርድ ልትወስድ ብትመጣ፣ ካርዱን አቀብላ ሳትለቅ ጭንቀቷን ነገረቻት፤ ሐኪሟም በቆመችበት ፍርድ ሰጠች፦

«ነገሩ ከሆዷ አይደለም። ጆሮ ውስጥ እንቅስቃሴን የሚያውቅ ነገር አለ፤ እሱ እየሄድን ነው ይላል። ዓይን ደግሞ ስልክና የወንበር ጀርባ እያየ ቆመናል ይላል። ሁለቱ ሲካሰሱ ሆድ ዳኛ ይሆናል፤ ግራ ሲገባው መዝገቡን ይዘረግፈዋል። እና አስታርቂያቸው። ፊት ለፊት ሩቁን መንገድ ትይ። ስልክም መጽሐፍም አትያዝ። ቀለል ያለ ነገር ቀደም ብላ ትብላ፣ መስኮት ክፈቱላት፣ ካስጨነቃት ቁሙ። እንዲህም ሆኖ ካልተሻላት ወደኔ አምጫት እንጂ መድኃኒት ከራስሽ እንዳትሰጪ። አሁን ካርዱን ልቀቂልኝ።»

ወእምዝ፣ ማለትም ከዚህ በኋላ፣ እናት ዓርብ ማታ ቤተ ዘመዱን ሰብስባ፣ እጇን በሹራቧ ኪስ ደብቃ አወጀች፦

«ጋሼ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ እትዬ፣ አንቺም። ነገ ልጄ መሐል ነው የምትቀመጠው። ማንም አመመሽ ወይ ብሎ አይጠይቃት፤ ቃሉም አይነሣ። ሎሚው ቤት ይቅር፣ ጋዜጣውን ማንበብ የሚፈልግ ያንብበው። እትዬ ደግሞ፣ ስወድሽ፣ ጸጉርሽ መንገዱን ይጋርዳታል።»

እዚህ ላይ ሸንጎው ሁሉ ወደ አክስቲቱ ዞረ። አክስቲቱ ጸጉር ሠሪ ናትና፣ የጋቢናው ወንበርም በዕድሜ የእርሷ ነውና፣ ጸጉሯም ሁለት ስንዝር ወደ ላይ የተገነባ፣ ከሱቋ ምልክት ይልቅ የታወቀ ነበረና። ጸጉሯንም በሁለት እጇ ደገፍ አድርጋ መለሰች፦ «ጸጉሬ ማስታወቂያዬ ነው። ግን ለሷ ስል ይፍረስ። ፎቶ ያነሣኝ ሰው ግን ከኔ ጋር ተቆራረጠ።»

ቅዳሜም በነጋ ጊዜ ሕፃኒቱ አንድ ቁራሽ ዳቦና ግማሽ ሙዝ ቀድመው በልተው፣ መሐል ላይ ከፍ በሚያደርግ የልጅ መቀመጫ ተሰይመው፣ በቀበቶ ታስረው ተቀመጡ። የተከተላቸውም ሠራዊት ይህ ነው፦ አንዲት እናት በስተ ቀኝ፣ አንድ ትራስ በስተ ግራ፣ በጋቢና አክስቲቱ ጸጉሯ እንደ ድመት ጀርባ ተለጥፎ፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ፣ አንድ እርጥብ ጨርቅ፣ አንድ ቅያሪ ልብስ፣ እንዲሁም ሦስት ፌስታሎች፤ ፌስታሎቹ ግን በእናትየዋ እግር ሥር ተሸሽገው፣ ስማቸው ሳይጠራ ተጓዙ።

ሜዳው አንድ ሰዓት ተኩል በሰላም አለፈ። ቁልቁለቱም ተጀመረ፤ አሥራ ስምንት መታጠፊያም ታለፈ። በአሥራ ዘጠነኛው ላይ ግን አንድ ጭስ የሚተፋ የጭነት መኪና ከፊት ወጣ፤ ሾፌሩም ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃው ታወሰውና ነዳ፣ ፍሬን ያዘ፣ ደግሞ ነዳ። ሕፃኒቱ አንድ ጊዜ አዛጉ፤ ሁለተኛ አዛጉ፤ ከንፈራቸው አመድ መሰለ። ሁሉ አየ፤ መጠየቅ ግን በአዋጅ ተከልክሏል። አክስቲቱ የሻርፗን ጫፍ ነከሰች። እናት በጫማዋ ጫፍ ፌስታሎቹን ዳበሰች፤ ሦስት መሆናቸውንም አረጋገጠች። ከዚያም በዚህ ዜና ከተጻፉት ሁሉ አጭር የሆነውን አዋጅ ተናገረች፦ «ጋሼ፣ አቁም።»

ሾፌሩም በኋላ መስታወት ሕፃኒቱን አየ፤ ሰዓቱንም አየ። በዚያ ቁልቁለት ለትራፊክ ፖሊስ ካልሆነ በቀር ቆሞ የማያውቀው ሰው፣ መንገዱ ሰፋ ካለበት ዳር አወጣና ቆመ።

ሕፃኒቱ ወርደው ሩቁን ሜዳ እያዩ ቆሙ፤ ሁለት ጉንጭ ውሃም ጠጡ። አጎታቸው ንጹሕ የነበረውን የጎን መስታወት ሊወለውል መጣና፣ ወደ እርሳቸው ሳይዞር፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ምስጢራዊ አዋጅ አወጀ፦

«እኔ መሪ ይዤ አሞኝ አያውቅም። ለምን መሰለሽ? መታጠፊያው ሳይደርስ ስለማውቀው ነው። ሰውን የሚያመው ሳይነግሩት ሲያጥፉት ነው። ሃያ ሦስት ቀርቶናል። አሻግረሽ እያየሽ ግራ፣ ቀኝ በይኝ። እኔ በቀስታ እነዳልሻለሁ።»

በዚያች ሰዓት ሕፃኒቱ የመንገድ አዋጅ ነጋሪ ሆነው ተሾሙ። በሃያኛው ላይ «ግራ» ሲሉ ድምፃቸው እንደ ክር ቀጥኖ ነበር። በሃያ ስድስተኛው ተሰማ። በሠላሳ አንደኛው «ቀኝ፤ ቀስ በል እንጂ አጎቴ፣ ተናግሬያለሁ» ብለው ገሠጹ፤ ሃያ ዓመት መሪ የጨበጠውም ሰው እሺ ብሎ ቀስ አለ። በአርባ አንደኛው ከንፈራቸው ቀላ፤ በአርባ ሁለተኛው «ግራ። አለቀ» አሉ። አለቀም። መንገዱም ሦስት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ፈጀባቸው፤ ሁሉም ሰዓቱን አየ፣ የከሰሰ ግን አልነበረም።

አያቲቱ እንደ ወትሮው ሰማያዊ ባልዲያቸውንና ፎጣቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው ነበር። የኋላውን በር ከፍተው ወንበሩን በመዳፋቸው ዳበሱ፤ መዳፋቸውን አዩ፤ ደግመው ዳበሱ። ከዚያም ጆሮ የከዳው ሰው እንደሚናገር፣ ሰፈሩ እስኪሰማ አወጁ፦

«ደረቅ ነው። ደረቅ ነው እኮ። ጎሽ የኔ ልጅ። ይቺን ባልዲ ለማን የገዛኋት መሰለሽ? ለዚህ ለአጎትሽ። እስከ አሥራ አራት ዓመቱ መኪና ገና ሲነሣ ይገረጣ ነበር። ሾፌርነቱን ወዶ የያዘው ይመስልሻል? ከመሪው በቀር የሚስማማው ወንበር ስላጣ ነው።»

ሾፌሩ በዚህ ጊዜ ምንም ያልሆነውን ሞተር ከፍቶ አንገቱን ወደ ውስጥ አግብቶ ነበር። ሕፃኒቱ ባልዲዋን ከአያታቸው ተቀበሉ፤ ጥቂት ተመለከቷት፤ ወስደውም በአጎታቸው እግር አጠገብ አኖሯት። ከሞተሩም ውስጥ የመጨረሻው አዋጅ ተሰማ፦

«ጎረቤት ትውላለች ያልኩት ተሽሯል። እሷ ከሌለች መታጠፊያውን ማን ይነግረኛል። ፌስታሌ የሚባልም ሰው አላውቅም።»

ወዲያው ፌስታሎቹ ከተሸሸጉበት ወጥተው ተጣጥፈው በአክስቲቱ ቦርሳ ገቡ፤ ሕፃኒቱም የአያታቸውን ጣት ይዘው ወደ ቤት ገቡ። እነሆ፣ አርባ ሁለቱን የተሻገሩ፣ ዓይንና ጆሮን ያስታረቁ፣ ሾፌርን በሾፌርነቱ ያዘዙ፣ ጸጉር ያፈረሱና ሽፋን ያተረፉ ባለ ድል እርሳቸው ናቸው። ዘመናቸው ሁሉ ቀጥ ያለ መንገድ ይሁን፤ መታጠፊያም ካለው፣ ቀድሞ የሚነግራቸው አይጡ።