ዳንቴሌ ላይ ያለው ቀዳዳ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ያዋረደኝን ነገር ብነግራችሁ አታምኑኝም። በሃምሳ ምናምን ዓመቴ፣ በዳንቴል!

አዎ፣ በዳንቴል። ሳቁ፣ ተፈቅዷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት የኦንላይን የእጅ ሥራ መጽሔት አለች። ስሟን ልተወው፣ እሷ ምንም አላጠፋችም። "ኦሪጅናል የኪሮሽ ሥራችሁን ከነፎቶው ላኩልን፣ እናወጣዋለን" ብላ ፖስት አደረገች። እኔ ደግሞ ቢሮ ሥራ ሲቀዘቅዝ ስልክ መነካካት እወዳለሁ። አየሁት፣ ልቤ ዘለለ።

የምኮራበት አንድ ዳንቴል አለኝ። ነጭ ነው፣ አራት ማዕዘን፣ መሃሉ ላይ ትልቅ አበባ። አንዱ ጥግ ላይ ደግሞ አውራ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለው። እዚሁ አሶሳ ከሠራሁት ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሳሎኔ የገባ ሰው ሳያደንቀው አይወጣም።

ፎቶ አነሳሁት። ፎርሙን ከፈትኩ። ስም፣ ከተማ፣ የክሩ ዓይነት... ሁሉም ቀላል ነው። ከዚያ አንዱ ጥያቄ ላይ ደረስኩ።

"ዲዛይኑን ከማን አገኙት?"

አመነታሁ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። አላመነታሁም። "የራሴ ፈጠራ" ብዬ ጻፍኩ።

ጠርዙን እኮ ቀይሬዋለሁ! ድሮ ዚግዛግ ነበር፣ እኔ ክብ ክብ አደረግኩት። ይሄ ፈጠራ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? እንዲህ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ።

በዚያ ባበቃ! ፎርሙ "ስለ ሥራው ትርጉም ጥቂት ይበሉን" አለኛ። ሰው ትርጉም ሲጠየቅ ዝም ማለት ያቅተዋል። ስለ ቀዳዳው እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ክፍተቱ በዚያን ጊዜ አዲስ የተመሠረተውን የክልላችንን ክፍት በር ይወክላል።"

ክፍት በር! ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ወጣ። ለዘመድ፣ ለእድር፣ ለቢሮ ግሩፕ ሼር አደረግኩት። ለባጃጁ ሹፌር ሳይቀር አሳየሁት። "እትዬ፣ ባለሙያ ነዎት ለካ!" አለኝ። እስከ ምሳ ድረስ እግሬ መሬት አልነካም።

ከምሳ በኋላ ረሒማ የምትባል የማላውቃት ልጅ ኮሜንት ጻፈች።

"እናቴ ፎቶውን አይታ በሳቅ ልትሞት ነው። ይሄ የእኔ የራዲዮ ልብስ ነው እያለች ነው። ቀዳዳው ለአንቴናው ነው ብላለች።"

ለአንቴናው!

የልጅቷ እናት ማን እንደሆነች ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። ሐዋ ናት። ከሐዋ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

እስቲ ሐዋን ላስተዋውቃችሁ።

ክልሉ ገና አዲስ ሳለ ነው ከጎጃም ተመድቤ አሶሳ የመጣሁት። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ታይፒስት ነኝ። ቢሮ ተባለ እንጂ ቢሮው ገና ቢሮ አልሆነም ነበር። ጠረጴዛ አለ፣ ወንበር የለም። ታይፕራይተር አለ፣ ሪባን የለም። ማኅተሙ እስኪመጣ ድረስ ደብዳቤ ጽፈን ቁጭ ነው። እኔ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ነበር የምጽፈው። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ነው!

ሐዋ የዚያ መዝገብ ሠራተኛ ነበረች። ከበርታ ብሔረሰብ ናት፣ የአሶሳ ልጅ። ፋይል በፈለገች ቁጥር ታስነሳኛለች፣ ታወጣለች፣ መልሳ ታስቀምጠኛለች። የተዋወቅነው እንዲህ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ወባ ጣለኝ። ማን አለኝ? ማንም። በቀርከሃ በተሠራች የኪራይ ክፍል ውስጥ እናቴን እየጠራሁ ሳለቅስ፣ ሐዋ የማሽላ ገንፎና የባምያ ወጥ ይዛ መጣች። በእጇ አጎረሰችኝ።

"ብላ፣ እህቴ፣ ብላ። ሆድ ባዶ ከሆነ መድኃኒት ይጥላል።"

እሷ በእኔ ቋንቋ "ብላ" ትለኛለች፣ እኔ በእሷ ቋንቋ ከሰላምታ አላልፍም። እስከ ዛሬም አላልፍም። ታዲያ ከሁለታችን ሰነፏ ማን ናት?

ሲሻለኝ ኪሮሽና ክር አስያዘችኝ። "እጅ ሥራ ከያዘ ልብ አያለቅስም" አለችኝ። እውነትም ለቅሶው ተወኝ።

ያኔ ዳንቴልን ማን ከመጽሐፍ ይማራል? የጓደኛሽን ለሳምንት ትወስጃለሽ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ቆጥረሽ ትቀጃለሽ፣ አጥበሽ ትመልሻለሽ። በቃ። የሐዋ ሥራ በዚህ መንገድ አሶሳን አዳረሰ። ዛሬ እንደሰማሁት፣ ራዲዮው ለካ የቀድሞው ኃላፊያችን ነበር፤ እኔ ከመምጣቴ በፊት ይዘውት ተዛውረዋል። ልብሱ ብቻ ሐዋ ጋ ቀረ።

እኛ ከየአገሩ ተመድበን የመጣን ሴቶች ታዲያ ቀዳዳውንም ቆጥረን ቀዳነው!

ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ሞዴል ነዋ! የአልጋ ልብስ ላይ ቀዳዳ። የቴርሞስ መሸፈኛ ላይ ቀዳዳ። አንዷ ጓደኛዬ ለሠርጓ ባለ ስድስት ቀዳዳ የሶፋ ልብስ ሠራች። ያ ሶፋ ስድስት ጣቢያ ሳይዝ አይቀርም።

ሐዋ ይሄን ሁሉ እያየች ለምን ዝም አለች? እኔ እንጃ። ምናልባት ጎጃሞች እንዲህ ይወዳሉ ብላ ይሆናል።

በምሳ ሰዓት ማንጎ ዛፍ ሥር እንቀመጥ ነበር፤ እኔ፣ ሐዋ፣ ከወለጋ የመጣችው ፀሐፊ፣ የወሎ ሰፋሪዎቹ ልጅ። ክሩ ቀዩን አፈር እንዳይነካ ጉያችን ውስጥ ደብቀን እንሠራለን። ወንዶቹ ስለ ክልሉ እቅድ ይከራከራሉ፣ እኛ ዙር እንቆጥራለን። አንዷ ስትስት ሁላችንም ከመጀመሪያ። ደመወዝ ቢዘገይም፣ መብራት ቢጠፋም፣ የሆነ ነገር እየጀመርን እንደሆነ ይሰማን ነበር። ምን እንደሆነ ግን አናውቅም።

ናፈቀኝ፣ በቃ። ካርቶኑ እንኳ ናፈቀኝ።

ወደ ዛሬ ልመለስ። ረሒማ በኢንቦክስ የእናቷን ድምፅ ላከችልኝ። ከፈትኩት።

"ጥሩዬ! ወላሂ፣ አንተ ነው? እኔ አገሩ ሄዷል ብዬ! ያ በር አይደለም፣ የራዲዮ ቀንድ ነው። ኸላስ፣ በቃ። ደህና ነው? ልጆች ደህና ነው?"

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ስለ "የራሴ ፈጠራ" አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ የጠየቀችው ስለ ልጆቼ ነው።

የት እንዳለች ታውቃላችሁ? ባምባሲ! ውጭ አገር አይደለም፣ ባምባሲ! ከአሶሳ ሚኒባስ ተሳፍሮ ወሬ ሳያልቅ የሚደረስበት ቦታ። አግብታ ከሄደች ጀምሮ እዚያው ናት። እኔ "የት ደርሳ ይሆን?" እያልኩ ስተክዝ ኖሬያለሁ።

ወዲያው ለመጽሔቷ ጻፍኩ። "ይቅርታ፣ ዲዛይኑ የእኔ አይደለም። የሐዋ ነው። በሩም በር አይደለም።" አዘጋጇ ጨዋ ናት፣ ቶሎ መለሰችልኝ፦ "እናመሰግናለን፣ እናስተካክላለን። የባለሥራዋን ሙሉ ስም ይላኩልን።"

"ሐዋ" ብዬ ጻፍኩ።

ቆምኩ።

የአባቷን ስም አላውቅም።

ስድስት ዓመት አንድ ቢሮ! ያጎረሰችኝ ሴት! የሠራተኞችን ስም ዝርዝር ታይፕ የማደርገው እኔ ነበርኩ እኮ! ስሟን ከነአባቷ ስንት ጊዜ መትቼዋለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ አላነበብኩትም። ለእኔ ሐዋ ሐዋ ነበረች። የአለቆቹን ስም ግን ከነአያታቸው እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።

ረሒማን መጠየቅ እችል ነበር። አፈርኩ። "ከእናትሽ ጋር ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ለመሆኑ ማን ነበረች?" እንዴት ይባላል?

ቁጥሯን ብቻ ጠይቄ ለሐዋ ራሷ ደወልኩላት። ሰላምታው ሩብ ሰዓት ፈጀ፤ የእኔን ባል፣ የእኔን ልጆች ጠየቀችኝ፣ የሞተችውን እናቴን ሳይቀር በስሟ ጠራችልኝ። በስሟ! ወባ ይዞኝ ስጠራት ሰምታ መሆን አለበት።

እንደ ምንም አወጣሁት። "ሐዋዬ፣ የአባትሽ ስም ማን ነበር?"

 

"ጥሩዬ፣ የአባት ስም በስልክ አይነገርም" አለች፣ ሳቋን ይዛ። "ባምባሲ ና። ቁጭ ብሎ ይሰማል።"

ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ እሄዳለሁ። እስከዚያ ድረስ መጽሔቷ ላይ ያለው ስም የእኔ ነው፣ ላይኩም እየጨመረ ነው። እባካችሁ ላይክ አታድርጉ!

ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በሰው አገር ስትታመሙ ያጎረሰቻችሁን ሴት ሙሉ ስም ታውቃላችሁ ወይስ እንደ እኔ አፍራችሁ ትቆማላችሁ? የምታውቁ ኮሜንት ላይ ጻፉት፣ ከነአባቷ።