ለቤተ ክርስቲያን የተቀመጠው ሴፍቲ ጫማ

አዲስ ነገር ሲሰጠው ከመልበስ ይልቅ የሚያስቀምጥ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ቦንጋ አጠገብ የጥንት ሰዎች ሰፈር ለምርምር ሲቆፈር በበጎ ፈቃድ ላግዝ ሄጄ ገጠመኝ። ጫፉ ብረት የሆነ ሴፍቲ ጫማ ለሁላችንም ታድሎን ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ ግን በኮንጎ ጫማ መጡ። በቁፋሮው መሃል ድንጋይ ተንዶ እግራቸው ላይ ወደቀ። አውራ ጣታቸው ደም በደም ሲሆን፣ ሰው ፊት መናገር የማልደፍረው እኔ እንኳ አፌን ከፈትኩ።

"ጋሼ፣ ሴፍቲው የት አለ?"

"ለቤተ ክርስቲያን አስቀመጥኩት፣ ልጄ። አድርጌው ቢሆን ይኼ ድንጋይ ይልጠው አልነበር?"

ከደሙ ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ መልስ ነው። ኃላፊያችን ተቆጥቶ "ሴፍቲ ያላደረገ በሙሉ ከጉድጓዱ ይውጣ" አለ። ለካ ሌላውም ሁሉ ሴፍቲውን ቤቱ አስቀምጦ በኮንጎ ነው የመጣው፤ ሁሉም ጋሽ ወልዴን ደግፎ ወጣ፤ ጉድጓዱ ውስጥ የቀረነው እኔና ድንጋዩ ብቻ ነን።